«ላክሁ» ማለትና «ደረሰ» ማለት



ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲጓዙ የግቤን ሸለቆ ተሻግረው፣ አቀበቱን ወጥተው ጥቂት እንደ ሄዱ ሰኮሩ የምትባለውን ከተማ ያገኛሉ። በዚያ አገር ቡና የሚሸጥ ገበሬ ጆንያውን ከነጋዴው ደጃፍ አራግፎ «በሉ ደኅና ዋሉ» ብሎ አይሄድም። ሚዛኑ እስኪረጋ ቆሞ ያያል፤ ቁጥሩን ይጠይቃል፤ ቢጠራጠርም እንደ ገና ያስመዝናል። የሚሄደው ገንዘቡን ወይም ወረቀቱን ከኪሱ ከከተተ በኋላ ነው። ይህን ጥንቃቄ ከትምህርት ቤት አላመጣውም፤ ዓመት ሙሉ የደከመበት ነገር ስለ ሆነ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ በዚያችው ከተማ የሚሠራ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አለ እንበል። የወሩን ሪፖርት ከየቀበሌው ሰብስቦ፣ ሠንጠረዡን አሰናድቶ፣ ጅማ ወዳለው የበላይ መሥሪያ ቤት ይልካል። በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ የምትሮጠው መስመር ከዳር እስከ ዳር ስትሞላ እፎይ ብሎ፣ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ኮቱን ደርቦ ይወጣል። በማግሥቱ ከጅማ ስልክ ይደወላል። ፋይሉ አልከፈት ብሏል፤ ወይም ተከፍቶ ግማሹ የለም፤ ወይም ከነጭራሹ አልደረሰም። ልጁም «እኔ ልኬአለሁ!» ይላል። እውነቱን ነው፤ ልኳል። ዳሩ ግን የጠየቁት ስለ መላኩ አልነበረም።

የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ወደሚሠራ ኮምፒዩተር ፋይል ስለ መላክና ከዚያም ስለ መቀበል ነው።

«እኔ የምሠራው በዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ምኔ ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስቲ እጅዎን ወደ ኪስዎ ይስደዱ። በውስጡ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ልቡ ሊኑክስ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሥራ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰርቨሮችን ያንቀሳቅሳል። የጤና ሚኒስቴራችን የተቀበለውና ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተገኘው ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ያደርግ የነበረውን መደበኛ እንክብካቤ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ያቃታቸው ኮምፒዩተሮች ብዙ ናቸው። እነርሱን ከመጣል ሊኑክስ ጭኖ ማሠራት ብልህነት ነው። እንግዲህ ዛሬ ባይሆን ነገ ከአንዱ መገናኘትዎ አይቀርም።

ነገሩ የኮምፒዩተር አዋቂዎች ወግ ብቻ እንዳይመስልዎ። ከፋይሉ ተቆርጣ የቀረችው ገጽ የአንድ ቀበሌን የተከተቡ ሕፃናት ቁጥር የያዘችው ብትሆን፣ ጅማ የተቀመጠው ሰው ያ ቀበሌ አንድም ልጅ አላስከተበም ብሎ ሊያነብ ይችላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 በግልገል ግቤ ግድብ ዙሪያ የምርምር ጣቢያ ሲያቋቁም ከሰኮሩ፣ ከኦሞ ናዳ፣ ከጢሮ አፈታና ከቀርሳ ወረዳዎች 8 የገጠርና 2 የከተማ ቀበሌዎችን መርጦ ነበር። ሥራውም ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ አገር የለቀቀውንና አዲስ የገባውን በየጊዜው መመዝገብ ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ ክብሩ በተከታታይነቱ ነው። የአንድ ዙር መዝገብ ቢጠፋ ተመልሶ «ያን ጊዜ ስንት ነበራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ይሆናል፤ የሚገኘው መልስ ግን ያን ጊዜ ይሰጥ የነበረው መልስ አይሆንም።

ከመላኪያ መንገዶች ሁሉ የታወቀው ፍላሽ ነው። የተማሩ ሰዎች ፍላሽን እንደ ኋላ ቀር ነገር ሲንቁት እሰማለሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። እስቲ እናስላው። 64 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ሞልተው በአውቶቡስ ከሰኮሩ ጅማ በ2 ሰዓት ቢያደርሱት፣ በየሴኮንዱ 71 ሜጋቢት ያህል እንደ ላኩ ይቆጠራል። ያንኑ ጭነት በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በምታሳልፍ የኢንተርኔት መስመር ቢልኩት ደግሞ 71 ሰዓት ይፈጃል፤ ሦስት ቀን ሊሞላ አንድ ሰዓት ሲቀረው ማለት ነው። ያውም መብራትና ኔትወርክ አንድ ጊዜም ሳይቋረጥ! ስለዚህ ጭነቱ ከባድ፣ መስመሩ ቀጭን ሲሆን አውቶቡሱን አይናቁት።

የፍላሽ ጠላት ጥድፊያ ነው። ሊኑክስ ወደ ፍላሽ ቅዳ ሲሉት የሰጡትን ሁሉ ወዲያው ፍላሹ ላይ አይጽፈውም። በሜሞሪው ይዞ በኋላ በኋላ ቀስ እያለ ይጽፈዋል። ስለዚህ መስመሯ ሞልታ ሥራው አለቀ ስትል፣ ገና ሩቡ ወይም ግማሹ በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ ተራ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት ፍላሹን መዝ አድርገው ቢነቅሉት ስሙ ይሄዳል፤ ሥጋው ይቀራል። ጅማ ሲከፈት የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑም ደኅና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በፍላሹ ስም አጠገብ ያለችውን የማስወጫ ምልክት ይጫኑና «አሁን መንቀል ይቻላል» እስኪልዎ ይታገሡ። በትእዛዝ መስኮት የሚሠሩ ከሆነም «ሲንክ» የምትባለውን አጭር ትእዛዝ ሰጥተው እስክትመለስ ይጠብቁ፤ ከዚያም ፍላሹን ያሰናብቱ።

ሌላም አለ። ብዙ ፍላሾች ፋት32 በተባለው አደረጃጀት የተሰናዱ ናቸው። ይህ አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ በፍላሹ ላይ 60 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖርም አይቀበልም። የሥልጠና ቪዲዮ ወይም ትልቅ የዳታቤዝ ቅጂ ይዘው ሲቸገሩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ኤክስፋት በተባለው ቢያሰናዱት ይህ ችግር የለበትም፤ ሊኑክስም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ያለ ምንም ጭማሪ ያነበዋል። ከየኢንተርኔት ቤቱ በፍላሽ ተለጥፎ የሚመጣው ያ የታወቀው «ሾርትከት ቫይረስ» ደግሞ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለ ሆነ ሊኑክስን አይነካውም። ነገር ግን ፍላሹ ላይ እንዳለ ተሸክሞ ለሚቀጥለው ዊንዶውስ ማድረሱ አይቀርምና «እኔ ደኅና ነኝ» ብሎ መዝናናት ለጎረቤት አለማሰብ ይሆናል።

ጭነቱ ቀላል፣ ኔትወርኩም ደኅና ሲሆን በመስመር መላክ ይሻላል። በዚህ በኩል ሽማግሌው ኤፍቲፒ ነው። የመጀመሪያው ደንቡ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን ጸሐፊው አባይ ቡሻን የሚባል በአሜሪካ ኤምአይቲ የነበረ ሰው ነው። በዚያ ዘመን በመስመሩ ላይ የነበሩት ማሽኖች ጥቂት፣ ባለቤቶቹም የሚተዋወቁ ስለ ነበሩ ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልዎን ሳይሸፍን ነው የሚልከው። ፖስታ ውስጥ ሳይገባ በየሰው እጅ እንደሚያልፍ ወረቀት ነው፤ መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ ያነበዋል። ዛሬም በአንዳንድ መሥሪያ ቤት «ድሮም በዚሁ ነበር የምንልክ» እየተባለ ይሠራበታል። የተሸፈነው ዓይነት ካልሆነ በቀር አይጠቀሙበት።

እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ በአንድ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ መስመር ላይ ሌቦች አድፍጠው እንዲሁ የሚያልፉትን የይለፍ ቃሎች ሲለቅሙ ተገኙ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ ታቱ ዩሎነን የተባለ ሰው በነገሩ ተቆጥቶ ኤስኤስኤች የተባለውን የተሸፈነ መንገድ ሠራ። ሊኑክስም ከፊንላንድ፣ ኤስኤስኤችም ከፊንላንድ መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ ከብርዱ የተነሣ ቤት ስለሚውሉ ይሆን? የሆነው ሆኖ ኤስኤስኤች የሚያልፍበት በር ቁጥሩ 22 ነው። 21 የኤፍቲፒ፣ 23 ደግሞ ቴልኔት የተባለው ዐሮጌ መንገድ ስለ ነበር በመካከል ያለችውን ባዶ ቁጥር ጠይቆ ተሰጠው። የንብረት ክፍል ሠራተኞች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ ሞዴል 22 የንብረት ወጪ ማድረጊያ ናትና።

በዚህ በር የሚያልፉ ሁለት ተላላኪዎች አሉ፤ ኤስሲፒና ኤስኤፍቲፒ ይባላሉ። ኤስሲፒ አንድ ትእዛዝ ተቀብሎ ፋይሉን አድርሶ ይመለሳል። ኤስኤፍቲፒ ግን እንደ መጋዘን ጠባቂ ነው፤ በር ይከፍትልዎታል፣ ውስጡን ያሳይዎታል፣ ያወጣል ያስገባል። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ሁለቱንም በውስጡ ይዟል። ትእዛዝ መጻፍ ለማይወድ ሰውም ዊንኤስሲፒና ፋይልዚላ የሚባሉ፣ በግራ በኩል የእርስዎን፣ በቀኝ በኩል የወዲያኛውን ኮምፒዩተር እያሳዩ በመጎተት የሚያስተላልፉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ያስተውሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ማሽኑ ረጅም አሻራ አሳይቶ «ይህን ሰርቨር ያምኑታልን?» ይላል። ሁሉም ሳያነብ «አዎ» ይላል። እርስዎ ግን አስቀድመው የሰርቨሩን ኃላፊ በስልክ ጠይቀው አሻራውን ይጻፉና ያመሳክሩ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ራሱ ያስታውሰዋል፤ አንድ ቀን «አሻራው ተለውጧል» ብሎ ቢጮህም እንደ ውሻ ጩኸት ንቀው አይለፉት፤ ደውለው ይጠይቁ።

አሁን የኔትወርክ መቋረጥ የዕለት እንጀራ ለሆነበት ሰው ወደሚጠቅመው እንምጣ። በኤስሲፒ 900 ሜጋባይት ሲልኩ 850 ላይ መስመሩ ቢቋረጥ እንደ ገና ከዜሮ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ቢቋረጥ ሦስት ጊዜ ከዜሮ ነው። ይህን የሚያስቀር አርሲንክ የተባለ ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአውስትራሊያ አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ የሠሩት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ ይከፍለውና ለእያንዳንዱ ቁራጭ አጭር መለያ ቁጥር ያወጣል። በወዲያኛው ዳር ያለው ኮምፒዩተርም በእጁ ያለውን እንዲሁ ከፍሎ ቁጥሮቹን ይናገራል። ከዚያ ሁለቱ ተያይተው የጎደለውን ወይም የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ ይልካሉ። ሠላሳ ገጽ ያለው ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለት ገጽ ብቻ ቢታረም፣ የሚሄደው ብዙ ጊዜ የሁለቱ ገጽ ያህል ነው፤ በጥብቅ የታመቁ ፋይሎች ላይ ግን ይህ ጥቅም ይቀንሳል። በካርድ በተገዛ ኢንተርኔት ለሚሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ከተቋረጠበት እንዲቀጥል ግን ትልቋን የላቲን ፊደል «ፒ» ከትእዛዙ ጋር መጨመር ያሻል፤ አለዚያ መስመሩ ሲቋረጥ በጅምር የቀረውን ፋይል ራሱ አጥፍቶት ይወጣል።

አርሲንክ ሁለት እሾህ አለው። አንደኛው የፎልደር ስም መጨረሻ ላይ የምትጨመረው ዝንባሌ ጭረት ናት። ጭረቷ ካለች በፎልደሩ ውስጥ ያለውን ዕቃ ብቻ ይወስዳል፤ ከሌለች ፎልደሩን ከነሣጥኑ ይወስዳል። በዚህች አንዲት ጭረት ምክንያት ሦስት መቶ ፋይል በማይገባው ቦታ ሊበተን ይችላል። ሁለተኛው የከፋ ነው። «ዲሊት» የምትባለው ማዘዣ ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ታደርጋለች፤ ይኸውም በእርስዎ ዘንድ የሌለውን በወዲያኛው ታጠፋለች። ባዶ ፎልደር ይዘው በስሕተት ቢያዝዙ ጅማ ያለውን የዓመት ሥራ ባዶ ታደርገዋለች፤ ምንም ስሕተት ሠራሁ አትልም፤ የታዘዘችውን ነውና። ስለዚህ ትንንሾቹን ፊደላት «ኤን»ንና «ቪ»ን ጨምረው አስቀድመው በልምምድ ያስኪዱት። በልምምዱ ጊዜ ምንም ነገር ሳይነካ የሚያደርገውን ሁሉ በዝርዝር ያሳያል። ዝርዝሩን አንብበው ከወደዱት ያለ «ኤን» ይድገሙት።

ከዚህ ቀጥሎ ወደሚጥመኝ ነገር ደርሻለሁ፤ ስለ ፋይል ስም ነው። የውጭ አገር መጻሕፍት ይህን አይነግሩዎትም፤ ችግሩ የእኛ ነውና።

እኛ ማሳጠር እንወዳለን፤ «ጽ/ቤት»፣ «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት» እንላለን። ይህች ዝንባሌ ጭረት ግን ለሊኑክስ የፎልደር በር ናት። «ጽ/ቤት» ብለው ቢያዙት «ጽ» የተባለ ፎልደር ከፍቶ በውስጡ «ቤት» የተባለ ፋይል ይፈልጋል፤ አጥቶም የለም ይላል። ቀንን በጭረት መጻፍም እንዲሁ ነው። በስም መካከል ያለ ባዶ ቦታም በትእዛዝ መስኮት ላይ አንዱን ስም ሁለት ያደርገዋል። ስለዚህ ቃላቱን በግርጌ ሰረዝ ማያያዝ፣ «ጽሕፈት ቤት» የሚለውንም ዘርግቶ መጻፍ ይበጃል።

ደግሞ ፊደላችን በድምፅ አንድ፣ በመልክ ሁለት ወይም ሦስት የሆኑ ሆሄያት አሉት። «ሰኮሩ» ብሎ በእሳቱ ሰ የሚጽፍ አለ፤ «ሠኮሩ» ብሎ በንጉሡ ሠ የሚጽፍም አለ። እኛ ስናነበው አንድ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ድምፅ አይሰማም፤ የሚያየው የፊደሉን ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። የጥሩን ሪፖርት አንዱ ሠራተኛ በሰ፣ ሌላው በሠ ቢያስቀምጡት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አርሲንክም ሁለቱንም አክብሮ ይወስዳል። ከሁለቱ የታረመው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ላይኖር ይችላል። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ዓመት» በየትኛው አ እንደሚጻፍ ተስማምቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀልድ አይደለም። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የታረመ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እያሉ ስም ማውጣትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ቀኑን በቁጥር መጻፍ ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

በጅማ ዞን የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለ ሆነ አብዛኛው ፋይል በቁቤ ይሰየማል። በዚያም በኩል ወጥመድ አለ። ቁቤ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው። ዊንዶውስ ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ ሊኑክስ ግን ይለያቸዋል። በሊኑክስ ላይ በፊደል ትልቅነት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ፋይሎችን ወደ ዊንዶውስ ቢወስዱ አንዱ በሌላው ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ አንዱ ጠፋ ማለት ነው። ድምፅ ለመቁረጥ ከላይ የምትቀመጠው የቁቤ ጭረትም፣ ሁዻ የምትባለዋ፣ በሊኑክስ ትእዛዝ ውስጥ የጥቅስ መክፈቻ ናት። አንዲቷን ብቻ ሲያይ ማሽኑ መዝጊያዋን እየጠበቀ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እርስዎም ተበላሸ ይላሉ።

የስም ርዝመትም ልክ አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚህ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 255 ባይት ነው። ለሦስት ሲካፈል 85 ፊደል ይሆናል። ዊንዶውስ ግን እስከ 255 ፊደል ሊፈቅድ ይችላል። የሪፖርቱን ርእስ ከነሙሉ ማዕረጉ የፋይል ስም የሚያደርግ ጸሐፊ በዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር ያስቀምጥና፣ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲልከው «ስሙ ረዘመ» ተብሎ ይመለስበታል። ከሁለት መቶ ፋይል መካከል አንዱ ብቻ እንዲህ ሆኖ ቢቀር፣ ማን ልብ ይለዋል?

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፋይሉ ደኅና ደርሶ ሰው ተበላሸ ይለዋል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ዐሮጌ የፊደል ዓይነቶች የተጻፈ ደብዳቤ፣ ያ የፊደል ዓይነት በሌለበት ሊኑክስ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስምስ ሆኖ ይታያል። ይህ የመንገዱ ጥፋት አይደለም፤ እንደ ገና ቢልኩትም ያው ነው። ወይ ፊደሉን ወዲያ ማዶ ማስጫን፣ ወይም ደብዳቤውን በፒዲኤፍ አድርጎ ፊደሉን በውስጡ ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

«ይህን ሁሉ ከምደክም በቴሌግራም ብልክስ?» ይሉኛል። ለብዙ ነገር ይሆናል። በሊኑክስ ላይም ይሠራል፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይልም ይቀበላል። የተቃኘ ሰነድ ሲልኩ ግን እንደ ፎቶግራፍ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ አለዚያ አጨማትሮ ያደበዝዘውና ማኅተሙ አይነበብም። ነገር ግን የሕመምተኛ ስም፣ የተማሪ ውጤት፣ የሠራተኛ የግል ማኅደር ያለበትን ፋይል በዚያ አይላኩ። የተለመደው የቴሌግራም ጽሑፍ በኩባንያው ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ለተሳሳተ ቡድን መላክም የአንድ ጣት ስሕተት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ሆኗል። በአንድ ክፍል ውስጥ ከስልክ ወደ ሊኑክስ ለማስተላለፍ ከሆነ የስልኩን ገመድ ሰክቶ «ፋይል ማስተላለፊያ» የሚለውን መምረጥ ይበቃል። ሎካልሴንድ የተባለው ነጻ ፕሮግራምም ኢንተርኔት ሳይኖር በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉትን ያገናኛል።

እንግዲህ በየትኛውም መንገድ ይላኩ፣ ቀሪው ርክክቡ ነው። የንብረት ክፍል ሰው ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ሳይቆርጥ ተቀበልሁ አይልም። የፋይል ሞዴል 19 ደግሞ በሊኑክስ ውስጥ ተዘጋጅታ አለች፤ ሻ256ሰም ትባላለች። አንድ ፋይል ሲሰጧት በውስጡ ያለውን ሁሉ አንብባ 64 ምልክት ያለው አንድ መለያ ታወጣለች፤ ምልክቶቹ ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት የላቲን ፊደላት ናቸው። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መለያው ከሥር እስከ ጫፍ ይለወጣል። ዊንዶውስም ሰርትዩቲል በተባለው ትእዛዝ ይህንኑ መለያ ያወጣል። ስለዚህ ሰኮሩ ላይ የወጣው መለያ ጅማ ላይ ከወጣው ጋር ከተስማማ ፋይሉ ሳይጎድል ደርሷል። መለያው ተስማምቶ ጽሑፉ ትርምስምስ ከሆነም ነገሩ የፊደል ዓይነት እንደ ሆነ ይታወቃልና ደግመው በመላክ አይደክሙም።

ፋይሎቹ ብዙ ከሆኑ የሁሉንም መለያ በአንድ ዝርዝር አስጽፈው ዝርዝሩን አብረው ይላኩት። ተረካቢው ትንሿን ፊደል «ሲ» ጨምሮ ያችኑ ትእዛዝ ሲሰጥ ማሽኑ እያንዳንዱን ፋይል ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሮ፣ ይህ ደኅና ነው፣ ይህ ተበላሽቷል፣ ይህ የለም እያለ ይናገራል። ስሙ ረዝሞ የቀረው አንድ ፋይል የሚያዘው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ፋይል ብቻ ከሆነ ስልክ ይበቃል። መለያውን ከመላክዎ በፊት በማስታወሻ ደብተርዎ ይጻፉት። ጅማ ያለው ተረካቢ በበኩሉ አውጥቶ የመጀመሪያዎቹን 4ና የመጨረሻዎቹን 4 ምልክቶች ያንብብልዎ፤ 64ቱን ሁሉ ማንበብ ለካርድ ጠላት ነው፤ በመንገድ የደረሰ ብልሽትን ለማወቅም ስምንቱ ይበቃሉ። ከተስማማ በደብተርዎ ላይ ቀኑንና የተረካቢውን ስም ጽፈው ፍላሹን ለሌላ ሥራ ያጽዱት።